የልብ ዝንባሌና የእንጀራ ነገር

የኮሌጅ ትምህርት ዘርፍን ስለ መለወጥ በራዲዮ ከተደረገው ንግግር የተወሰደ



ባለፈው ክረምት ለሥራ ጉዳይ ወደ ሐረር ሄጄ ሳለሁ፣ በጁገል ግንብ ውስጥ በሚኖሩ አንድ የቡና ነጋዴ ቤት ለምሳ ተጠርቼ ነበር። ቤቱ በሐረሪዎች ደንብ የተሠራ ነው፤ ግድግዳው በስፌትና በሳሕን አጊጧል፤ መደቡም ከፍና ዝቅ እያለ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ሰው ሁሉ እንደ ዕድሜውና እንደ ክብሩ የሚቀመጥበትን ስፍራ ሳይነገረው ያውቀዋል። ምሳው ተበልቶ ቡናው በቀረበ ጊዜ ባለቤቱ ነገሩን እንደ ዋዛ አመጡት። «እርስዎ በራዲዮ ለሕዝብ ሁሉ ምክር ይሰጣሉ፤ እስቲ ዛሬ ደግሞ ለአንድ ቤት ብቻ ይምከሩ» አሉኝ።

ጉዳዩም ይህ ነበር። የመጀመሪያ ልጃቸው በዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ተማሪ ናት። የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርት ጨርሳ፣ በውጤቷና በምርጫዋ ፋርማሲ ተመድባ፣ ሁለተኛውን ዓመት በመልካም ውጤት ፈጽማለች። በዚያ ሰሞን ግን ከአባቷ ፊት ቀርባ፣ ፋርማሲውን ትታ ወደ ታሪክ ትምህርት ክፍል ለመዛወር መቁረጧን ነገረቻቸው። አባትየው ይህን ሲያወሩልኝ ድምፃቸው ከቁጣ ይልቅ ሐዘን ነበረበት። «ሰው ከታሪክ ወደ ፋርማሲ ለመግባት ይለምናል፤ የእኔ ልጅ ግን እንጀራውን ትታ ወደ ተረቱ ልሂድ ትላለች» አሉ። ልጅቱ ከጀበናው ኋላ ተቀምጣ ነበር፤ አንገቷን ደፍታለች፤ ሆኖም የተሸነፈ ሰው መልክ አልነበራትም።

በዚያው ቤት የአጎቷ ልጅም ነበረ። እርሱ የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ሲሆን፣ የእርሷ ነገር ሲነሣ ጊዜ አግኝቶ፣ «እኔም ወደ ንግድ ሥራ አመራር መዛወር አስቤአለሁ» አለ። ስለዚህ ከአንድ የቡና ሥነ ሥርዓት ላይ ሁለት ጥያቄ ቀረበልኝ።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ በቀጥታ ወደ ሥራ የገባሁ ነኝ እንጂ የኮሌጅ ደጃፍ አልረገጥሁም። ምን ልማር ብዬ ለመጨነቅ እንኳ ዕድል አላገኘሁም። ይህንኑ ለባለቤቱ በግልጥ ነገርኋቸውና መልሴን ለማግስቱ አሳደርሁት። በማግስቱ የነገርኋቸውንና ከዚያ በኋላ የተረዳሁትን ነው ዛሬ ለእናንተ የማቀርበው፤ ይህ ጥያቄ በየቤቱ የሚነሣ መሆኑን ከሚደርሱን ደብዳቤዎች አውቃለሁና። በንግግሬ ውስጥ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ።

በመጀመሪያ የአባትየውን ፍርሃት ማቃለል አይገባም። ዛሬ በአገራችን የዩኒቨርሲቲ ወንበር በብዙ ድካም የሚገኝ ነገር ነው። በ2022 የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 900 ሺህ ያህል ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 30 ሺህ አይሞሉም ነበር። በእንዲህ ያለ ወንፊት ውስጥ ልጁ ያለፈለት አባት፣ የተገኘውን ይዞ መቀመጥ ብልኅነት ነው ቢል ምክንያት አለው። ደግሞም ለብዙ ዓመታት ከዩኒቨርሲቲ ተመዳቢዎች 70 ከመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 ከመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ ተብሎ በመንግሥት ተደንግጎ ስለ ኖረ፣ የመጀመሪያው የትጉሆች፣ ሁለተኛው የቀሩት ሰዎች ስፍራ ነው የሚል አስተያየት በሕዝብ ልብ ውስጥ ሥር ሰዷል።

ሐረር ግን ለዚህ ጥያቄ ምስክር የሚሆኑ ሰዎች ያሏት ከተማ ናት። ስለዚህ ያን ሌሊት ከራሴ ጋር ስሟገት ያሰብሁት ስለ እነርሱ ነበር።

ሠዓሊውና ባለቅኔው አቶ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1932 የተወለዱት በዚሁ በሐረር ነው። አባታቸው አለቃ ደስታ ነጎ የቤተ ክህነት ሰው፣ የብራና ጽሕፈትና የሐረግ ሥራ ዐዋቂ ነበሩ። ልጃቸው ግን የዘመኑ ወጣት ሁሉ እንደሚመኘው አዲስ አበባ ሄደው፣ በ1950 ወደ ተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሳይንስ ለመማር ገቡ። በዚያን ጊዜ ኮሌጅ የገባ ሰው በጣት የሚቈጠር ነበረና፣ ከዚያ ወንበር ላይ በፈቃዱ መነሣት ለዘመድ ሁሉ ግራ የሚያጋባ ነገር እንደ ነበረ ለመገመት አያስቸግርም። እርሳቸው ግን ሳይንሱን ሳይጨርሱ ተዉት። በ1957 ወደ ጀርመን አገር ተሻግረው በኮሎኝ ከተማ ሥነ ጥበብ ተማሩ፤ በ1962 ተመልሰውም በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆኑ። ዛሬ ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥዕል የሚናገር ሰው ስማቸውን ሳያነሣ ማለፍ አይችልም።

ሁለተኛው ምስክር ተወላጅነታቸው ከሐረር አይደለም፤ እጃቸው ግን ሐረር ላይ ሠርቷል። በ1932 አንኮበር የተወለዱት ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ፣ ከጠላት ወረራ በኋላ አገርን መልሶ ለማቋቋም ባለሙያ በሚፈለግበት ዘመን፣ በ1947 የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ። ንጉሠ ነገሥቱ ተማሪዎቹን ሲያሰናብቱ፣ ስለ አውሮጳ ረጅም ፎቅና ሰፊ ጐዳና ከመተረክ ይልቅ አገር የሚሠራበትን ዕውቀት ይዘው እንዲመለሱ አደራ ማለታቸውን አፈወርቅ በኋላ ዘመናቸው ይናገሩት ነበር። እንግዲህ ይህን ያህል አደራ በትከሻው ላይ ያለ ወጣት ነው ማዕድኑን ትቶ ወደ ሥዕል የተመለሰው። በሂሳብና በኬሚስትሪ ደካማ ስለ ሆኑ አይደለም፤ ውጤታቸው መልካም ነበረ። የሥዕል መምህሮቻቸው ግን ተሰጥዎአቸውን አይተው አበረታቱአቸው፤ እርሳቸውም በለንደን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በዝነኛው በስሌድ ትምህርት ቤት ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ አጠኑ። ወደ አገራቸው ተመልሰው ከሠሩአቸው ሥራዎች መካከል በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው ታላቁ የመስታወት ሥዕል ይገኛል፤ በሐረር ከተማም የልዑል ራስ መኰንንን በፈረስ ላይ የተቀመጠ ሐውልት የሠሩ እርሳቸው ናቸው። ሐውልቱ በ2020 በተነሣው ሁከት ፈርሷል፤ የከተማው ሽማግሌዎች ግን ዛሬም ስፍራውን በእርሱ ስም ያመለክታሉ።

እነዚህን ሁለት ሰዎች የሚያነሣ ወጣት፣ «እንግዲያው እኔም ልቤ ያለውን ልከተል» ለማለት ይቸኵላል። እኔ ግን ሁለት ነገር እጨምርበታለሁ። አንደኛው፣ ትምህርታቸውን ለውጠው ያልሆነላቸው ሰዎች ታሪካቸውን የሚጽፍላቸው፣ በስማቸውም ማእከል የሚከፍትላቸው የለም። የምንሰማው የደረሱትን ሰዎች ወሬ ብቻ ስለ ሆነ፣ መንገዱ ሁሉንም የሚያደርስ ይመስለናል። ሁለተኛው፣ የእነዚህን ሰዎች ታሪክ ቀረብ ብለን ስንመለከት፣ ከትምህርት ዘርፍ ወደ ትምህርት ዘርፍ የዘለሉት በምኞት ብቻ እንዳልሆነ እናገኛለን። አቶ ገብረ ክርስቶስ የብራና ሐረግ በሚሣልበት ቤት ያደጉ ሰው ናቸው። አፈወርቅም ሥዕሉን ሊይዙ የወሰኑት ሥራቸውን መምህሮቻቸው አይተው ከመሰከሩላቸው በኋላ ነው። ሁለቱም የሄዱት አስቀድመው ይሠሩት ወደ ነበረው ነገር ነው። እንጀራውንም ፈጽመው አልዘነጉትም፤ አቶ ገብረ ክርስቶስ ሥዕል ይሣሉ እንጂ የመምህርነት ደመወዝ ነበራቸው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ታሪክም በዚያው ከተማ አለ። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ገና በወጣትነቱ በአገሩ ቋንቋ እጅግ የሚደነቅ ግጥም ጽፎ፣ ወዲያው ቅኔውን ፈጽሞ ትቶ፣ በ1880 መጨረሻ በኤደን ያለ የአንድ ንግድ ቤት ወኪል ሆኖ ሐረር ገባ። ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ይነግድ ነበር። ለእናቱ ከጻፋቸው ደብዳቤዎች እንደምንረዳው፣ ሥራው ይሰለቸው ነበር፤ ሆኖም ሌላ ሙያ ለመማር ያለ ዕረፍት ይመኝ ነበር። ስለ ብረት ሥራ፣ ስለ አናጢነት፣ ስለ ውኃ ምህንድስና የሚናገሩ መጻሕፍት ከፈረንሳይ እንዲላኩለት ያዝዛል። በ1883 ከሐረር በጻፈው ደብዳቤ ደግሞ፣ ወንድ ልጅ ቢኖረው አስተምሮ መሐንዲስ ሊያደርገው እንደሚመኝ ገልጧል። ቅኔ እንጀራ አይሆንም ብሎ የተወ ሰው፣ እንጀራውን ካገኘ በኋላ ልቡ በሌላ ሙያ ደጃፍ ላይ ሲንከራተት ኖሮ፣ እግሩ ታምሞ በ1891 ከሐረር በቃሬዛ ወጣና በዚያው ዓመት በማርሴይ ከተማ በ37 ዓመቱ ሞተ። (ዛሬ በሐረር «ራምቦ ቤት» ተብሎ ለጐብኚ የሚታየው ያማረ ቤት ከእርሱ ዘመን በኋላ የተሠራ መሆኑን አጥኚዎች ይናገራሉ። ቤቱን ማየት ግን አይቈጨኝም።)

ይህን ታሪክ ስነግራቸው የቡናው ነጋዴ ፈገግ ብለው፣ «እኔም እኮ ቡና ነጋዴ ነኝ፤ አልሰለቸኝም» አሉ። እውነታቸውን ነው። የራምቦ ጉድለት ነጋዴ መሆኑ አይደለም፤ አንድ ቀን እንኳ ራሱን ነጋዴ ነኝ ብሎ አለመቀበሉ ነው።

ሦስተኛውን ታሪክ ለማግኘት ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ያስፈልጋል። በዚያ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ትምህርት ቤት አለ። ይህ ትምህርት ቤት በ1952 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት፣ በኦክላሆማ ኮሌጅ ረዳትነት የተመሠረተው የአለማያ የእርሻ ኮሌጅ ነው፤ በጥር 1958 በይፋ ተመርቋል። (አቶ ገብረ ክርስቶስ በስደት ኖረው በ1981 ያረፉት በዚያው በኦክላሆማ ነው። ሳይንስን ትተው የሄዱት የሐረር ልጅ፣ ለሐረር የእርሻ ሳይንስን ባመጣችው ክፍለ ግዛት ማረፋቸው ሁልጊዜ ያስገርመኛል።)

ከዚህ ኮሌጅ በ1973 በእጽዋት ሳይንስ የተመረቁት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ናቸው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወሎንኮሚ በሣር ጎጆ ተወልደው፣ በእናታቸው ብርታት ትምህርት ጀመሩ፤ በልጅነታቸውም 20 ኪሎ ሜትር በእግር ተጉዘው ሳምንቱን በትምህርት ቤት ከርመው ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። ከዚያ የጅማ የእርሻና ቴክኒክ ትምህርት ቤት፣ ከጅማም አለማያ ገቡ። ማሽላ በሕይወታቸው ታሪክ ውስጥ ዋናውን ስፍራ የያዘው ግን በትምህርታቸው መጨረሻ ነው፤ መምህራቸው ከአሜሪካው የማሽላ ሊቅ ከጆን አክስቴል ጋር አስተዋወቋቸውና የአገራችንን የማሽላ ዘር ለመሰብሰብ አብረው ሠሩ። ሊቁም ወደ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ወሰዷቸው። በ1983 በሱዳን ለገበሬ የተሰጠው፣ ድርቅ የሚችለው ዲቃላ ማሽላ የእርሳቸው ሥራ ነው፤ ኋላም የማሽላ ጠላት የሆነውን አቀንጭራን የሚቋቋም ዘር ከባልደረቦቻቸው ጋር አገኙ፤ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። የሐረርጌ ገበሬ ዋና እህሉ ማሽላ ስለ ሆነ፣ አቀንጭራ ምን ማለት እንደ ሆነ ለእርሱ ማስረዳት አያሻም።

ይህን ታሪክ ያመጣሁት፣ ፍቅር ሁልጊዜ ከሥራ በፊት እንደማይመጣ ለማሳየት ነው። አንዳንድ ሰው ልቡ የሚያርፍበትን ነገር የሚያገኘው በተከፈተለት በር ገብቶ ብዙ ርቀት ከሄደ በኋላ ነው። በሁለተኛው ዓመት «ይህ ትምህርት ለእኔ አልተፈጠረም» የሚል ተማሪ፣ ገና መግቢያውን እንጂ ቤቱን አላየም ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የየትኛውም ትምህርት ደረቁ ክፍል ናቸው።

እንግዲህ ወደ ሁለቱ ወጣቶች ልመለስ። በመጀመሪያ የአጎቷን ልጅ ጠየቅሁት። ምህንድስናውን ለምን እንደሚተው ስጠይቀው፣ የሂሳብ ትምህርት አንዱን እንደ ወደቀ፣ ደግሞም ነጋዴዎች ያለ ዲግሪ ሲከብሩ እንደሚያይ ነገረኝ። «የንግድ ሥራ አመራር ትምህርት ክፍል በሁለተኛና በሦስተኛ ዓመት ምን እንደሚያስተምር ታውቃለህ?» አልሁት። አላወቀም። የሂሳብ አያያዝና ስታትስቲክስ እንዳለበት ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ትሠራለህ ብለው፣ ኳስ እመለከታለሁ አለኝ። በዚህ ነቀፌታ የለበትም፤ እኔም እመለከታለሁ። ነገር ግን ይህ ልጅ ከአንድ ነገር እየሸሸ ነው እንጂ ወደ አንድ ነገር እየሄደ አይደለም። የሸሸ ሰው የሸሸውን ነገር በሌላ ስም በሚሄድበት ስፍራ ያገኘዋል። ስለዚህ የወደቀውን ትምህርት በአስጠኚ ደግሞ እንዲወስድ፣ ካለፈም በኋላ አሁንም ልቡ ከፈለገ እንዲወስን፣ መጥፎ ውጤት በተነገረበት ወር ግን ምንም ዐይነት የዝውውር ማመልከቻ እንዳይጽፍ መከርሁት።

የልጅቱ ነገር ሌላ ነበር። የታሪክ ፍቅሯ የጀመረው በመጀመሪያው ዓመት ከጋራ ትምህርቶች አንዱ የሆነውን የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክን በተማረች ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ በዕረፍት ቀኖቿ፣ አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ በአቋቋሙት የሸሪፍ ሐረር ከተማ ሙዚየም እየሄደች፣ የቆዩ የእጅ ጽሑፎች ሲጠገኑና ሲጠረዙ ትመለከታለች፤ የምታገለግልበትም ጊዜ አለ። የመጽሐፍ ጥረዛ የሐረር ጥንታዊ ሙያ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። እንግዲህ ይህች ልጅ ማንም ሳያዝዛት፣ ውጤት ሳይሰጣት፣ ደመወዝም ሳይከፈላት የምትሠራው ነገር አላት። እኔ ከማንኛውም የምኞት ቃል ይልቅ የማምነው እንዲህ ያለውን ማስረጃ ነው።

ቀጥሎ ከአባቷ ጋር ሂሳብ አሰላን። አባትየው የፈሩት ሁለት ዓመት ከንቱ ይቀራል ብለው ነበር። የፋርማሲው ትምህርት በጠቅላላው አምስት ዓመት ነው፤ ሁለቱን ጨርሳለች፤ ሦስት ይቀራታል። የታሪኩ ትምህርት አራት ዓመት ነው፤ የመጀመሪያው የጋራ ዓመት ስለሚያዝላት፣ ከሁለተኛው ብትጀምር የሚቀራት ያው ሦስት ዓመት ነው። ስለዚህ በተመረቀችበት ቀን የምትዘገየው አንድ ቀን እንኳ የለም። በወጪ መጋራት ሕግ መሠረት ከደመወዟ የምትከፍለው ዕዳም በጊዜ መርዘም ምክንያት አይጨምርም። ነጋዴው ቍጥሩን ሲያዩ ዝም አሉ፤ ከዚያም፣ «የፈራሁት እዚህ አልነበረማ» አሉ። የሚያስፈራው ከምረቃው በኋላ ያለው ነው። የፋርማሲ ባለሙያ ፈቃዱን አውጥቶ ሱቅ ሊከፍት ይችላል፤ የታሪክ ምሩቅ ግን መምህርነት፣ የቅርስና የቱሪዝም መሥሪያ ቤት፣ ሙዚየም ወይም ቤተ መዛግብት ካላገኘ ቤት ይቀመጣል። ይህ ልዩነት እውነተኛ ነው፤ በቃላት ማሳመር አይሸፈንም። ከ2023 ጀምሮም ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ማለፍ ስላለበት፣ በየትኛውም ዘርፍ በግድ እየተጐተቱ መጨረስ እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም፤ ይህ ደግሞ ለአባትም ለልጅም የሚያገለግል ክርክር ነው።

እኔ በዚያን ጊዜ የያዝሁት ዐሳብ፣ ልጅቱ በፋርማሲው ብትቈይ ይሻላታል የሚል ነበር። ምክንያቴንም ነገርኋት። የትምህርት ክፍሉ ስምና የምንወደው ሥራ አንድ አይደሉም፤ የምትወጂው የቆየ ጽሑፍን ማዳን ከሆነ፣ ቀለሙ ወረቀቱን ለምን እንደሚበላ፣ ቆዳው ለምን እንደሚደርቅ፣ ነፍሳት እንዴት እንደሚጠፉ የሚያስተምረው ኬሚስትሪ ነው፤ ስለዚህ በእጅሽ ያለው ትምህርት ራሱ ወደዚያ ያደርስሻል አልኋት። አባቷ በደስታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ነገሩን የፈታሁ መስሎኝ ነበር።

ልጅቱ ግን ከዚያ ሰዓት ድረስ ዝም ብላ ቈይታ፣ «ጌታዬ፣ ወረቀቱን ማዳን መልካም ነው፤ እኔ የምፈልገው ግን ወረቀቱ የሚለውን ማወቅ ነው» አለችኝ።

ለዚህ ቃል የሚሆን መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ምክሬን ወደ ሥራ ለወጥሁት። ትምህርት በሚከፈትበት ጊዜ፣ በመምህራኑ ፈቃድ፣ ለሁለት ሳምንት በታሪክ ክፍል ገብታ እንድታዳምጥ፤ የመግቢያውን ሳይሆን የሦስተኛውን ዓመት ትምህርት እንድትመርጥ፤ ከተመረቁ አምስት ዓመት የሆናቸውን ቢያንስ ሦስት የታሪክ ምሩቃንና ሦስት የፋርማሲ ምሩቃን፣ ስለ ደመወዛቸው ብቻ ሳይሆን ማክሰኞ ጧት ምን ሲሠሩ እንደሚውሉ እንድትጠይቅ ነገርኋት። ማክሰኞን ያልሁት እንዲሁ ነው፤ ሰው ስለ ሙያው ሲጠየቅ የበዓሉን ቀን ስለሚያወራ፣ ተራውን ቀን ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዝውውር የሚፈቀደው ተቀባዩ ክፍል ቦታ ሲኖረውና በየዩኒቨርሲቲው ሕግ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ብቻ ስለ ሆነም፣ ቀኑን ከሬጅስትራሩ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ እንድታውቅ አሳሰብኋት። ብዙ ወጣቶች ስለ ልባቸው ሲከራከሩ ቀኑ ያልፍባቸዋል። አባቷንም አንድ ነገር ለመንኋቸው፤ ሁለቱ ሳምንት እስኪፈጸም ድረስ ስለ ጉዳዩ በቤት ውስጥ እንዳይናገሩ። ይህ ከሁሉ የከበደ ሳይሆን አልቀረም።

በኅዳር ወር ደብዳቤ ደረሰኝ። ልጅቱ እንደ ጻፈችልኝ፣ በታሪክ ክፍል ያገኘችው ነገር እንዳሰበችው አልነበረም። መምህሩ አንድ የቆየ ጽሑፍ ሰጥቷት፣ ማን ጻፈው፣ ለማን ጻፈው፣ ምን ደበቀ ብላ እንድትመረምር አዝዟታል፤ ሦስት ጊዜ ጽፋ ሦስት ጊዜ ተመለሰላት። በሕፃንነቷ በቁርአን ቤት የተማረችው ዐረብኛ ለማንበብ እንጂ ለመረዳት እንደማይበቃት፣ የጥንቱንም የሐረሪ ጽሑፍ ከመጀመሪያው መማር እንዳለባት ተረድታለች። ከጠየቀቻቸው ከሦስቱ የታሪክ ምሩቃን አንደኛው ሥራ የለውም፤ ይህንንም ሳትደብቅ ጽፋልኛለች። ቢሆንም ማመልከቻዋን በቀኑ አስገብታ ተቀባይነት አግኝታለች። የእኔን ምክር አልተከተለችም ማለት ነው፤ ደብዳቤውን አንብቤ ስጨርስ ግን ቅር አላለኝም። የአጎቷ ልጅ የወደቀውን ትምህርት ደግሞ እየተማረ ነው፤ ፈተናው ገና ነው።

በደብዳቤው ግርጌ አባትየው በገዛ እጃቸው ሁለት መስመር ጨምረውበታል። ስለ ጤንነቴ ከጠየቁ በኋላ፣ «የፋርማሲ መጻሕፍቷን ለጊዜው አልሸጥናቸውም፤ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጠናቸዋል» ብለዋል።